«ደም በዝቶብኛል፤ እንዴት ደም ያንሰኛል?» የሕክምና ስሞች የሚያሳስቱን ቦታዎች

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወጥቶ ቸርችል ጎዳናን ይዞ የሚሄድ ሰው እጁ ላይ የላቦራቶሪ ወረቀት ካለ፣ አንድ ሁለት የግሪክና የላቲን ቃል ይዟል ማለት ነው። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የወጡት በሽታው በውል ሳይታወቅ ነው፤ የሚናገሩት ያኔ በዓይን የታየውን ወይም የተጠረጠረውን ነው። አማርኛችን ደግሞ በላዩ የራሱን ስም ደርቦበታል።

ደም ብዛትና ደም ማነስ ተቃራኒ ይመስላሉ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ይመስለናል። ብዛትና ማነስ ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ ያለበት ሰው ሌላው የማይነካው ይመስለዋል። ደም ብዛት የምንለው በሽታ ግን ስለ ደሙ መጠን አይናገርም። የሕክምና ስሙ ሃይፐርቴንሽን ነው፤ «ሃይፐር» በግሪክ «ከልክ በላይ»፣ «ቴንሲዮ» በላቲን «መወጠር»። የሚለካው ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ግፊት አለ ይባላል።

ደም ማነስ፣ ማለትም አኒሚያ፣ ከ«አን» (የሌለው) እና ከ«ሃይማ» (ደም) የተሠራ ነው። ቃሉ «ደም አልባ» ቢልም የቀነሰው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ለወንድ ከ13 ግራም፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በታች ሲሆን አንሷል ይባላል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ከፍታ አካባቢ ለሚኖር ሰው የተሠራ ልክ ነው። መሃል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሰውነት አየሩን ለመቋቋም ሄሞግሎቢኑን ጨመር አድርጎ ይኖራል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍታ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ስለዚህ 13.2 የወጣለት የፒያሳ ሰው «ከ13 በላይ ነኝ» ብሎ ወረቀቱን ከማጠፉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁለቱ ችግሮች አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። የተጎዳ ኩላሊት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ደም እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞንም ከኩላሊት ስለሚወጣ ያው ሰው ደም ያንሰዋል። «ደሜ በዝቷል» ብሎ የታዘዘለትን የአይረን እንክብል የሚያቆም፣ ይባስ ብሎም በዋግምት ደም የሚያስወጣ ሰው ግፊቱን አያክምም፤ ማነሱን ያባብሳል።

የሳንባ ነቀርሳ ካንሰር ነው?

ነቀርሳ የሚለውን ቃል ለካንሰርም ለቲቢም እንጠቀምበታለን፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን በአብዛኛው ቲቢ ነው። ካንሰር በላቲን ሸርጣን ነው፤ ግሪኮቹም «ካርኪኖስ» ይሉት ነበር፤ በእባጩ ዙሪያ የተወጠሩትን የደም ሥሮች ከሸርጣን እግር ጋር አመሳስለው። ቱበርኩሎሲስ የመጣው ደግሞ «ቱበርኩሉም» ከሚል ቃል ነው፤ ትንሽ እብጠት። ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ልዩነቱ ለቤተሰብ ብዙ ነው፦ ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ በተለመደው የ6 ወር መድኃኒትም ይድናል፤ ካንሰር አይተላለፍም፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። «ነቀርሳ» የሚል ወሬ ሲመጣ ከለቅሶ በፊት «ቲቢ ነው ካንሰር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ታይፎይድም ታይፈስም ወጣብኝ»

«ቲፎስ» በግሪክ ጭስ ነው፤ በትኩሳት የሚመጣውን የአእምሮ ጉም ሊያመለክት ተወሰደ። «ኦይድ» ደግሞ «የሚመስል» ማለት ነው፤ ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሳይ» ነው። አማርኛውም ተስቦና የአንጀት ተስቦ ብሎ ያንኑ መንገድ ተከትሏል። ስማቸውና ትኩሳታቸው ቢመሳሰልም መነሻቸው ይለያያል፦ በወረርሽኝ የሚነሳውን ታይፈስ የሰውነት ቅማል ያስተላልፈዋል፤ ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይመጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ገርሃርድ ሁለቱን የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚወጡት ዊዳል እና ዌይል-ፌሊክስ የተባሉት ምርመራዎች ጀርሙን አያሳዩም። የሚያሳዩት ሰውነት ያመረተውን ፀረ-አካል ነው፤ ያውም ዌይል-ፌሊክስ የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ምላሹን ሊያመጣው ይችላል። አንድ ጊዜ የታየ 1:80 (የፀረ-አካሉ መጠን የሚጻፍበት ቁጥር) ለሁለት በሽታ መድኃኒት መነሻ ሊሆን አይገባም። ታይፎይድን በእርግጠኝነት የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ ከደሙ ውስጥ ጀርሙን አሳድጎ መለየት ማለት ነው፤ እሱም ፀረ-ባክቴሪያ ሳይጀመር ቢወሰድ ነው የሚያዋጣው።

«አይተስ» ሲባል ሁሉ ጀርም መፈለግ

ጋስትራይተስ፣ ሄፓታይተስ፣ አርትራይተስ። መድረሻው በግሪክ «የ...» ከማለት አያልፍም ነበር፤ «የመገጣጠሚያ (በሽታ)» እንደ ማለት። ዛሬ «ብግነት» (የሰውነት ክፍል መቆጣት) ማለት ነው፤ ብግነት ደግሞ ያለ ጀርም ይመጣል። ጨጓራን ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ብቻ አያስቆጣውም፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት የሕመም ማስታገሻዎችም ያስቆጡታል። ጉበትን ቫይረስም አልኮልም ያበግነዋል።

ጉበት ከተነሳ የወፍ በሽታ አይቀርም። እዚህ የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ይባላል። የሚገርመው ግሪኮቹም «ኢክተሮስ» የሚሉት በሽታውንም አንዲት ቢጫ ወፍንም ነበር፤ ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው በሽተኛው ወፏን ካየ ይድናል፣ ወፏ ትሞታለች ይባል ነበር። የእነሱ ወፍ ታድናለች፣ የእኛው ያሳምማል! ቢጫነቱ ግን ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ ቢሊሩቢን የሚባል የሐሞት ቀለም ደም ውስጥ መከማቸቱ ነው። መነሻው የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ የሐሞት ቱቦ መዘጋት ወይም የቀይ ደም ሴል መፍረስ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቅጠል ለሦስቱም አይሆንም። ዓይን ሲታይ በቀን ብርሃን ይሁን፤ የአምፖል ብርሃን ያታልላል።

ክሮኒክ ማለት ከባድ ማለት አይደለም

«ክሮኖስ» ጊዜ ነው፤ ክሮኒክ የቆየ ማለት ነው፤ ቀላልም ሊሆን ይችላል። አኪዩት ከላቲኑ «ስለታም» የመጣ ሲሆን በድንገት የመጣውን ይገልጻል። የሚያስቸኩለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

የማዘዣ ወረቀቱ ላቲን

ቢአይዲ «በቀን ሁለቴ»፣ ቲአይዲ «በቀን ሦስቴ»፣ ፒአርኤን «ሲያስፈልግ» ማለት ነው። ቲአይዲን ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማያያዝ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱ ግን ረጅም ስለሆነ አንዳንድ ፀረ-ባክቴሪያ እስከ ጠዋት ከደም ውስጥ ይወርዳል። ፋርማሲስቱ «በየ8 ሰዓቱ» ካለ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ነው።