ለአሮጌ መኪና ፋይበርግላስ ወይስ ላሜራ? ፓራፋንጎና ኮፈን ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ በባትላሜራ (የመኪና አካል ጥገና) ሥራ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በእጄ ካለፉት መኪኖች አብዛኞቹ ቮልስዋገን፣ ሰይቼንቶ (ፊያት 600) እና ፔዦ 404 ናቸው። ባለቤቶቻቸው «የተበላሸውን በፋይበር ልተካው ወይስ በላሜራ?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልኝ ዕቃው ተገዝቶ፣ አንዳንዴም ቀለም ተቀብቶ ከመጣ በኋላ በመሆኑ፣ መልሴ ለጠያቂው ሐዘን ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ከነምክንያታቸው እነሆ ጽፌአለሁ።

የብዙዎቹ ስህተቶች መነሻ፣ ክፍሉ በመኪናው ላይ ምን ሥራ እንዳለው ሳይለዩ ስለ ፋይበርና ላሜራ መከራከር ነው። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች (የጎማ መሸፈኛዎች)፣ እንዲሁም የፊትና የኋላ ኮፈኖቹ በቡሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ ቢወልቁም መኪናው ቅርጹን አይለቅም፤ በእነዚህ ላይ ባለቤቱ የወደደውን የመምረጥ ነፃነት አለው። ሰይቼንቶ ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ የተበየደ መኪና በመሆኑ፣ የፊት ፓራፋንጎው ሳይቀር በጠቅላላው ጥንካሬ ውስጥ ድርሻ አለው። ስለዚህ በቡሎን የታሰረው ክፍል ያማርጣል፤ የተበየደው ግን በላሜራ ብቻ ይተካል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስቆጣኝ ስህተት ዝገትን በፋይበር መሸፈን ነው። አንዲት ወጣት ካዛንቺስ ገዝታው ያመጣችውን ነጭ ቮልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀለሙ ያንጸባርቅ ነበር፤ ከበሩ ግርጌ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው፣ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሳጥን መሰል ብረት ደግሞ አንድም የብየዳ ምልክት የማይታይበት ልሙጥ ሆኖ ነበር። ጥርጣሬ ያሳደረብኝም ይኸው ልሙጥነቱ ነው። ክሪኩን ከኋላ ጎማው ፊት ባለው ማንሻ ቦታ አስገብቼ ቀስ እያልኩ ሳነሳው፣ በበሩና በምሰሶው መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን እየጠበበ በሌላው እየሰፋ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶም ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከሥር ተሰማ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚንቋቋው?» አለችኝ።

«ልጄ፣ እስቲ በሩን ለመክፈት ሞክሪ» አልኳት። አልከፈት አለ።

መኪናውን አውርጄ ልሙጡን ቦታ በካቻቢቴ ስወጋው፣ ጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ፋይበር በስቶ ባዶ ውስጥ ገባ። ቀዳዳውን ሳሰፋው የሻይ ቅጠል የመሰለ ቡናማ ቅርፊት በእፍኝ በእፍኝ ይረግፍ ጀመር። ወሩ ጥር ነበር፤ ዝናብ ካቆመ ወራት ቢያልፉም ቅርፊቱ ጣቴን አረጠበው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሬዚን (የፋይበሩን ጨርቅ የሚያጣብቀው ፈሳሽ) አጥብቆ የሚይዘው ንጹሕና የተሻከረ ብረት ሲያገኝ ነው፤ ዝገት ላይ ሲለጠፍ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ከብረቱ ሊላቀቅ የተዘጋጀውን ቅርፊት ነው። ከዚህም በላይ ፖሊስተር ሬዚን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መኪናው ደግሞ በየጉድጓዱ ይናጣል፤ በሁለቱ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት በተፈጠረች ጊዜ ውኃ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ያልተሸፈነ ዝገት ቢያንስ ለዓይን ይታያል፤ የተሸፈነው ግን ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ በስውር ይበላል። ያ ሳጥን የመኪናውን አካል ከወለሉ ጋር የሚያስተሳስር፣ ከጎን በሚመጣ ግጭትም ጊዜ በተሳፋሪውና በሚገጨው መኪና መካከል የሚቆም ብረት ነው። ይህን በፋይበር ሸፍኖ ቀለም የሚቀባ ሰው ለባለቤቱ ገንዘብ እንደቆጠበ ይናገራል፤ እኔ ግን በሰው ሕይወት ላይ እንደሚፈጸም በደል አድርጌ እቆጥረዋለሁ። የልጅቱን መኪና ሁለቱንም ጎን ቆርጠን በአዲስ ላሜራ እስክንሠራው ድረስ ስድስት ሳምንት ፈጅቶብናል፤ ለተሸፈነው ዝገት ከከፈለችው በላይ ለእውነተኛው ጥገና ደግማ ከፍላለች። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔትና ካቻቢቴ ሳይዝ አይሂድ፤ ማግኔቱ በማይሳብበት ቦታ ሁሉ ሻጩን ምክንያቱን ይጠይቅ።

«ፋይበር አይዝግም» የሚለው መከራከሪያ እውነት ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። ምክሩ የሚመጣው በብርድ ወራት መንገዳቸው ላይ ጨው ከሚነሰነስባቸው አገሮች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የባሕር ነፋስም የመንገድ ጨውም የማያገኛት ከተማ ናት። እዚህ ላሜራ የሚበላው በክረምት ወራት ፓራፋንጎ ውስጥ ተለጥፎ የሚቀረው ጭቃ ነው፤ በቮልስ ላይ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ የሚቀመጠው ባትሪ የሚያፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ጭቃውን ከውስጥ በኩል ዘወትር የሚያጥብ ባለቤት ላሜራ ፓራፋንጎን እጅግ ረጅም ዘመን ይጠቀምበታል። በአንጻሩ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ከፒያሳ እስከ አውቶቡስ ተራ ባለው መንገድ ላይ በየቀኑ የሚያጋጥመው በሚኒባስ መጫር ነው። ላሜራ ሲገጭ ይጎደጉዳል፤ መዶሻና የሰለጠነ እጅ ወደ ቦታው ይመልሱታል፣ ይህን የሚችል ባለሙያም በየሰፈሩ አለ። ፋይበር ሲገጭ ግን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁን በስቱኮ መሙላትም ጥገና አይደለም፤ ከውስጥ በኩል በሰፊው ተፍቆ የፋይበር ጨርቅና ሬዚን ካልተደረበበት በዚያው መስመር ላይ እንደገና ይከፈታል። መኪናውን በየቀኑ መሐል ከተማ የሚነዳ ሰው ሲጠይቀኝ ላሜራ እንዲያስገጥም የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስል ፋይበርን እያንቋሸሽሁ አይደለም። ኮርቬት ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ አካሉ በፋይበርግላስ የተሠራ መኪና ነው፤ በሚገባ የተሠራ ፋይበር ዘመናትን ይሻገራል። ላሜራው ፈጽሞ በማይገኝ ጊዜ፣ ወይም መኪናው በበዓልና በእሑድ ብቻ የሚወጣ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከጥሩ አሮጌ ክፍል ላይ ቅርጽ ወስዶ በፋይበር ማሠራት መልካም መፍትሔ ነው።

ክብደት ለመቀነስ ሲባል ብቻ ፋይበር መምረጥ ግን ስሌቱ ያልታየ ውሳኔ ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 6.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 3 ሚሊ ሜትር ፋይበር ደግሞ 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሠራተኛው «ለጥንካሬ» ብሎ ፋይበሩን 4 ሚሊ ሜትር ካደረሰው ክብደቱ ከላሜራው ጋር ሊተካከል ምንም ያህል አይቀረውም። በጣም ከሳሳ ደግሞ በነፋስ ይርገበገባል።

ስለ ዓመተ ምህረት ሳልናገር ባልፍ ጥፋተኛ እሆናለሁ፤ ይህ ስህተት በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ ነውና። አንድ ደንበኛዬ አባቱ መኪናውን ከፋብሪካው እንደወጣ የገዙት «በ1960» መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ውጭ አገር ለሚኖር ወንድሙ ይህንኑ ቁጥር ነግሮት ሁለት የፊት ፓራፋንጎ አስላከ። 1960 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው፤ ወንድምየው የገዛው ግን ለ1960 እ.ኤ.አ. የሚሆነውን ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቮልስዋገን ለ1968 ሞዴል የፊት መብራቱን ቀጥ አድርጎ ስላቆመው ፓራፋንጎው አብሮ ተለውጧል፣ ከዚያ በፊት የነበረው መብራት ግን የፓራፋንጎውን ተዳፋት ተከትሎ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ስንት ወጪ የወጣባቸው ሁለት ጤነኛ ላሜራዎች የማይሆኑ ሆነው ቀሩ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው፣ የፊት መስታወቱ የጎበጠው 1303 የተባለው የቮልስ ሞዴል ደግሞ የፊት ኮፈኑ ከተራው ቮልስ ኮፈን ጋር አይለዋወጥም። ማንም ሰው ዕቃ ከማዘዙ በፊት የኋላ ወንበሩን አንስቶ፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ይገልብጥ፤ ፎቶግራፍም አንስቶ ይላክ። በቃል የተነገረ ዓመተ ምህረት ላይ አይተማመን።

የፋይበር ኮፈን የሚያስገጥም ሰው የቀድሞውን ሞላ እንዳለ አይተወው። ሞላው የተሠራው የብረቱን ክብደት እንዲያነሳ ስለሆነ ቀላሉን ፋይበር ያጎብጠዋል። የቮልስ የፊት ኮፈን ማጠፊያው በመስታወቱ በኩል በመሆኑ፣ ቁልፉ በጉዞ ላይ ከለቀቀ ነፋስ ገልብጦ የነጂውን ዕይታ ይጋርድበታል፤ ስለዚህ የቁልፉና የማጠፊያው መያዣ በፋይበሩ ውስጥ ብረት ተቀብሮበት መሠራት አለበት።

ኤሌክትሪክንም መርሳት አይገባም። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ በፓራፋንጎ ላይ ያለው ፍሬቻ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው በራሱ በፓራፋንጎው ብረት በኩል ነው፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ለብቻው ሽቦ ካልተዘረጋለት አይበራም። ለዚህ ብለው አምፖል ደጋግመው የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ፋይበርን በቡሎን ሲያስሩ ሰፊ ሮንዴላ ያድርጉ፣ እንደ ብረትም አያጥብቁት።

ቀለምን በተመለከተ፣ ፋይበሩ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ሰም በላዩ ላይ ስለሚቀር፣ አስቀድሞ ተጠርጎ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ቀለሙ ይላጣል። ገና የሬዚን ሽታው ያልለቀቀውን መቀባትም ትዕግሥት ማጣት ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጨርቁ ክር በቀለሙ ላይ ተስሎ ይወጣል። አዲስ ላሜራ ላይ የሚታየው ጥቁር ቀለም ደግሞ በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ላይ ለጉዞ ብቻ የተቀባ ስለሆነ፣ በተለይ ከውስጥ በኩል በታጠፈው ጠርዝ ላይ በሚገባ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ። ከሁሉም በፊት ግን ክፍሉ ሳይቀባ ይገጠም፤ የበሩ፣ የኮፈኑና የእግር መርገጫው ክፍተት ሁሉ ይታይ። ላሜራም ሆነ ፋይበር፣ ያለ ማስተካከያ የሚገጥም አዲስ ክፍል ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

የመጨረሻውን ስህተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የአንድ ጡረተኛ መምህር ቮልስ የኋላ ፓራፋንጎ ተበልቶ ስለነበር፣ የፋይበር ምትክ ካሠራሁላቸው በኋላ ጋራዡ እንዳይጠብ ብዬ አሮጌውን ለቁራሌው ሸጥኩት። በማግስቱ አዲሱን ለመግጠም ስሞክር፣ የፓራውልቱ ክንድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለ ቦታው መከፈቱን አየሁ። የምለካበት አሮጌ ክፍል በእጄ አልነበረምና በግምት ቀዳሁት፤ ሳተ። እንደገና ቀዳሁት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተገናኝተው ፋይበሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ተሰነጠቀ። ለመምህሩ ሌላ ፓራፋንጎ በራሴ ወጪ አሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ክፍል የቱንም ያህል የተበላ ቢሆን፣ አዲሱ ተገጥሞና ተቀብቶ፣ መኪናውም አንድ ክረምት አሳልፎ ተመልሶ እስከማየው ድረስ፣ ስሙ ተጽፎበት ከጋራዡ ግድግዳ ላይ አይወርድም።