ድርብርቡ የቻይና ቂጣ በለጋ ሽንኩርት፣ ከነማጥቀሻው

ቻይናውያን ጾንግ ዮው ቢንግ ይሉታል፤ ቃል በቃል «ለጋ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቂጣ» ማለት ነው። እርሾ የለውም። ከላይ ከርሸም፣ ከውስጥ ለስለስ የሚለው በአቡካኩና በአጠቃለሉ ብቻ ነው። የሻንጋዩ ወፈር ያለ ሲሆን ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል። ታይዋን ውስጥ ደግሞ ለቁርስ እንቁላል ተደርጎበትም ይበላል፤ እዚያ ዪላን በሚባለው አውራጃ ያለችው ሳንሺንግ በለጋ ሽንኩርቷ ስሟ የታወቀ ነው። እዚህ የማሳያችሁ በዘይት የሚሠራውን ነው፤ ቅቤም እንቁላልም ስለሌለበት ለጾምም ይሆናል።

ለ4 ቂጣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ፣ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከ6 እስከ 8 ለጋ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ ጨውና የምግብ ዘይት አዘጋጁ። ለዘይት ቅቡ የሚሆን ሌላ 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ለብቻው አስቀምጡ። በለጋ ሽንኩርት ፋንታ የባሮ ሽንኩርት ቅጠል አታስገቡ፤ ጠንካራ ስለሆነ ሊጡን ይቀደዋል።

ሊጡ

ዱቄቱን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅሉ። የፈላውን ውሃ ከምድጃ እንደወረደ በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። ዱቄቱ ፍርፍር ሲል ቀዝቃዛውን ውሃ ጨምሩና፣ እጅ የማያቃጥል ሲሆን እስኪለሰልስ ድረስ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ እሹት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ይጨምርና ቂጣው ለምን እንደደረቀ ይገርመዋል። ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ሲታሽ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን እንደ ላስቲክ ይወጠራል። ለዳቦ የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ለዚህ ቂጣ ግን ስንዳምጠው ተመልሶ ይሸበሸባል፣ ሲጠበስም ለማኘክ ያስቸግራል። የፈላ ውሃ ከፕሮቲኑ ከፊሉን አብስሎ ያንን ጉልበት ይቀንሰዋል፤ ስታርቹም ገንፎ ላይ እንደምናየው ውሃውን መጥጦ ያብጣል፣ እርጥበቱንም ይዞ ይቆያል። ቀዝቃዛው ውሃ የሚገባው ጉልበቱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው፤ አለዚያ ሊጡ ስስ ተደርጎ ሲዳመጥ ይቆራረጣል። አዲስ አበባ ላይ ከከፍታው የተነሣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው፤ እሱም ይበቃል።

ሊጡን እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚህ ጊዜ ላይ አትቀንሱ።

ዘይቱና ሽንኩርቱ

የተቀመጠውን 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ሙቀት በሚችል ሳህን አድርጉ። 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ፤ የሽንኩርት ቁራጭ ጣል ሲደረግበት ቸስ ካለ ደርሷል። ዱቄቱ ላይ አፍሱና አዋህዱ። ዘይት ብቻውን ከተቀባ ስትጠቀልሉት በጎን ይወጣል፤ ከዱቄት ጋር ሲሆን ግን ባለበት ይቀመጣል፣ ንብርብሩም እርስ በርሱ አይጣበቅም።

ሽንኩርቱን አጥባችሁ በጨርቅ በደንብ አድርቁና በደቃቁ ክተፉ። ውሃ ያዘለ ሽንኩርት ሊጡን ያላቁጠዋል።

መጠቅለል

ሊጡን ለ4 አድቦልቡሉ። አንዱን በመዳመጫ እስከቻላችሁት አሳሱት፤ ክብ ባይሆንም ግድ የለም። የዘይት ቅቡን በስሱ ቀብታችሁ ሽንኩርቱን በትኑበት። ከዚያ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉት፣ ረጅሙን ጥቅልል ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አዙሩት፤ ጫፉን ከሥር ወትፉ። አራቱም ሲያልቁ 15 ደቂቃ ይረፉ። በመጨረሻ በመዳፍ ተጭናችሁ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ዳምጡ። ሽንኩርት እዚህም እዚያም ቀዶ ቢወጣ አትደንግጡ፤ እሱ ሲጠበስ ጠቆር ብሎ ይጣፍጣል።

መጥበስ

መጥበሻው ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በመካከለኛ እሳት አሙቁና እያንዳንዱን ጎን 3 ደቂቃ ያህል ጥበሱ፤ ለየቂጣው ዘይት ጨምሩ። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርና መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ወርቃማ ሲሆን መጥበሻው ላይ እንዳለ በሁለት ማንኪያ ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል ገፋ ገፋ አድርጉት፤ ንብርብሩ ይላቀቅና አየር ይገባበታል። እኔ ይህችን ደረጃ ፈጽሞ አልዘላትም።

ማጥቀሻው

3 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ፣ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ የቻይና ጥቁር ኮምጣጤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ጥቂት የተፈቀፈቀ ዝንጅብልና የተከተፈ ቃሪያ አዋህዱ። ጨው አያስፈልገውም፤ ሶሱ ራሱ ጨዋማ ነው። በጥቁር ኮምጣጤ የታወቀችው የጂያንግሱ ከተማ ዠንጂያንግ ናት፤ የሚሠራውም ከሚጣበቀው የሩዝ ዓይነት ነው፣ ኮምጣጣነት ብቻ ሳይሆን ጣፈጥ የሚል ለዛ አለው። ካላገኛችሁት 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ተጠቀሙና ስኳሩን ትንሽ ጨምሩ። የሰሊጥ ዘይቱ ከተቆላ ሰሊጥ የተጨመቀው ጠቆር ያለው ይሁን። ከሌለ የሁመራ ሰሊጥ ቆልታችሁ ወቅጣችሁ በትኑበት፤ መዓዛውን ያመጣዋል።

ቂጣውን ለ6 ወይም ለ8 ቆራርጣችሁ በትኩሱ አቅርቡ። ሲደራረብ በእንፋሎት ስለሚለሰልስ ጎን ለጎን አስቀምጡት። በቻይናና በታይዋን ቁርስ ላይ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት አብሮት ይጠጣል፤ ሻይም ጥሩ ነው። የተረፈውን ጥሬ ቂጣ በመሃል በመሃሉ ወረቀት እያደረጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ስትፈልጉ ሳታቀልጡ ቀጥታ መጥበሻ ላይ አውሉት፣ እሳቱን ብቻ ትንሽ ቀንሱለት።