የጭነት መኪናን ፋን ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚቀየር፤ ጣርማ በርን ለሚወጣ ሰው

ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ወይም ማሾ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ መኪና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሙቀት ተነስቶ፣ በአርማንያና በደብረ ሲና አድርጎ፣ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። መኪናው ቀስ ስለሚል ከፊት የሚገባው ነፋስ ትንሽ ነው። ሞተሩ ግን ያለ የሌለ ጉልበቱን እያወጣ ነው። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋን ስትቀይሩ ይህን ዳገት አስባችሁ ቀይሩ። ሜዳ ላይማ የትኛውም ፋን ይሰራል።

መጀመሪያ ለማን እንደሚሆን ልናገር። ለፒካፕና ለቀላል አይሱዙ ይሆናል፣ በተለይ በቺንጋ (በሞተሩ ቀበቶ) የሚዞረው ፋን ክላቹ ሞቶ የአዲሱ ዋጋ አልቀመስ ሲል። ደብረ ብርሃን ላይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅም ይረዳል፤ ፋኑ ካልተፈለገ አይዞርም። ለሲኖትራክና ለመሰል ከባድ መኪና ግን አትሞክሩት። የከባድ መኪና ፋን 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይወስዳል ብንል እንኳ፣ በ24 ቮልት ሲሰላ ከ600 አምፔር በላይ ነው። ያን የሚችል ዲናሞ የላችሁም።

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ውሃ ጣርማ በር ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም የጋለውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ 82 ላይ ይከፈታል። በሁለቱ መሀል ያለችው ልዩነት ትንሽ ናት፤ የሚያድናችሁ ክዳኑ ይዞ የሚያቆየው ግፊት ነው። ደህና ክዳን መፍያውን ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን መኪናው የሚፈላው ፋን አንሶት አይደለም፣ እናንተም በከንቱ ገንዘብ ታወጣላችሁ። ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነም እንዲሁ። መጀመሪያ አስጠርጉት።

ፋኑን ስትገዙ ቮልቱን አትርሱ። ፒካፕ በአብዛኛው 12 ነው፣ አይሱዙ ብዙ ጊዜ 24። ሶማሌ ተራ የምታገኙት ያገለገለ ፋን አብዛኛው ከቤት መኪና የወጣ 12 ቮልት ነው። ከሁለቱ ባትሪ በአንዱ ላይ ብቻ አገናኙት የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት፤ አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይሞታሉ። ሁለት 12 ቮልት ፋን በተከታታይ አያይዞ 24 ማድረግም ይቻላል፣ ግን አንዱ ሲቃጠል ሁለተኛውም አብሮ ይቆማል፣ ያ ደግሞ ዳገት መሀል ነው የሚሆነው። 24 ቮልት ፋን ፈልጉ። ከአንድ ትልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እያዘገሙ ይደረሳል።

አሁን ወደ ስራው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የፋኑን ዳዶዎች ቺንጋው ሳይወልቅ አላሉ፣ ምክንያቱም ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) እንዳይዞር የሚይዝላችሁ ቺንጋው ነው። ፋኑ ሲወጣ ፑሌጃው ይቆያል፤ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እዩ፦ በብዙ ሞተሮች ፋኑንና ፑሌጃውን የሚያስሩት እነዚያው ዳዶዎች ናቸው። የፋኑ ውፍረት ሲቀር ቡሎኑ ይረዝምና ዳዶው ክሩ አልቆበት ፑሌጃውን ሳይጨብጥ ይቀራል። በእጅ ሲነካ የጠበቀ ይመስላል። ወፍራም ሮንዴላ ጨምሩበት ወይም አጭር ቡሎን አስገቡ፣ ከዚያ ፑሌጃውን በሁለት እጅ ነቅንቁት።

ቀጥሎ መከለያው። ስራውን የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው። ፋኑን ራዲያተሩ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሮ መልቀቅ ቀላል ነው፣ ግን ፋኑ የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ ስለሆነ የቀረው ራዲያተር ስራ ይፈታል፣ ማሰሪያውም በንዝረት ቱቦውን እየፈገፈገ ይበሳዋል። ከ1.5 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ሙሉውን ራዲያተር የሚሸፍን ሳጥን አሰሩ፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙ ላይ የበር ጎማ ይለጠፍ። ፋኑ ከራዲያተሩ በስተኋላ፣ በሞተሩ በኩል ሆኖ ይሳብ። ከሞተሩ ጋር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፣ ሞተር ሲነሳና ሲጎተት ይነቃነቃልና።

የኤሌክትሪኩ ስራ ጥድፊያ አይወድም። ለእያንዳንዱ ፋን የራሱ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያበራ ማብሪያ) እና የራሱ ፊውዝ። 20 አምፔር ለሚስብ ፋን 30 አምፔር ፊውዝ፣ ከባትሪው አጠገብ። ገመዱ 6 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ ፋኑም ይደክማል። ሪሌው ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ፋኑ፣ 86 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር፣ 85 ወደ ሙቀት ማብሪያው። የሙቀት ማብሪያው በላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ቱቦ) መስመር ላይ ይግባ፣ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚያበራ፣ 88 ገደማ ላይ የሚያጠፋ። የ86ን መስመር ከቁልፍ መውሰድ የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ በድንገት የሚነሳ ፋን ጣት ይቆርጣል።

ከዚህ ሌላ ጋቢና ውስጥ ፋኑን በእጅ የሚያበራ ማብሪያና አንዲት መብራት አስገቡ። መብራቷን ከ87 ውሰዱት፣ ፊውዙ ሲቃጠል አብራ እንድትጠፋ። ሾፌሩ ሮቢትን እንደለቀቀ፣ ጌጁ ሳይነሳ በፊት፣ ማብሪያውን ይጫናል።

ፋኑ ሲነሳ አንድ ወረቀት ከፊት ለፊት ራዲያተሩ ላይ አስጠጉ። ወረቀቱ ሄዶ ልጥፍ ካለ ትክክል ነው። ከገፋው ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፣ ሁለቱን ገመድ አቀያይሩ። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛው ዙር፣ እየሰራ ፋኖቹን፣ የፊት መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን አንድ ላይ አብሩና ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13 ቮልት፣ በ24 መኪና ከ26 በታች ከወረደ ዲናሞው አልቻለም ማለት ነው፣ ትልቅ ያስፈልጋል።

ውሃ ብቻ አትሙሉ። ግማሽ በግማሽ አንቱፍሪዝ፤ ውርጩም አለ፣ ዝገቱም አለ። መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ ባለ ዳገት አቁማችሁ ሙሉት፣ ሂተሩን ክፈቱ፣ ላይኛው ማኒኮቶ እስኪግል ጠብቁና አየሩ ወጥቶ ሲጎድል ጨምሩ።

ለሙከራ መጀመሪያ ባዶውን ወደ ደብረ ሲና ወርዳችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ በግማሽ ጭነት፣ ሙሉው በመጨረሻ። ሾፌሩ አንድ ልማድ መቀየር አለበት። በድሮው ፋን ጌጁ ሲነሳ ማርሽ ቀንሶ ዙር ሲጨምር ፋኑም አብሮ ይፈጥን ነበር። አሁን አይፈጥንም። ጌጁ ከተነሳ ጋዝ ቀንሱ፣ ካልወረደ ዳር ይዛችሁ በሚኒሞ አቁሙት። ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ፣ ክዳኑንም አትንኩ። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የሚጣመመው በእንደዚህ ያለ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያውን ሙሉ ጭነት ጨርሳችሁ ስትቆሙ ቁልፉን ዝጉና ሪሌውን፣ ፊውዙንና የገመዱን ጫፎች በእጅ ዳስሱ። ለብ ቢሉ ችግር የለም። እጅ የሚያቃጥል ጫፍ ካለ ያልጠበቀ ነው፣ ቆርጣችሁ እንደገና አስሩት። አሮጌውን ፋን ከነዳዶው ለጥቂት ወራት ከወንበር ኋላ አኑሩት።