ዱባ ዓሣን በመንጠቆ እንዴት እንቀንስ? ለደሴና ለኮምቦልቻ አጥማጆች

ከሐይቅ ከተማ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ልጅ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ውኃው ሱሪዬ ላይ ይረጫል። ጎንበስ ብዬ ባይ መዳፍ የሚያካክሉ አራት ዱባዎች ይርመሰመሳሉ። «ምን ልታደርጋቸው ነው?» አልኩት። «ሰፈራችን ወንዝ አለ፤ እዚያ ላራባቸው ነዋ!»

ልጁ ክፋት የለበትም። ግን መጤ ዓሣ ከውኃ ወደ ውኃ የሚሻገረው እንዲህ ነው። ሐይቁ (ስሙም ሐይቅ ነው) ከአርድቦ ሐይቅ የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ እዚያ ያለ ዱባ በራሱ ዋኝቶ በደሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው ቦርከና ወንዝ አይደርስም፤ ከደረሰ ያደረሰው ሰው ነው። ቦርከና ደግሞ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው።

ዱባ ስል የወጡን ዱባ ሳይሆን ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ነው። የወለሉን ጭቃ እየቆፈረ ስለሚበላ ውኃውን ያደፈርሳል፤ ሌሎች ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበትንና ጫጩቶቻቸው የሚደበቁበትን ሣር ይነቅላል። ሴቷ በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ100,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በመንጠቆ ብቻ አያልቅም፤ እሱን ከአሁኑ እንተማመን። መቀነስና እንዳይዛመት ማድረግ ግን ይቻላል።

መጀመሪያ ለዩት። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ከዱባ ጋር የሚምታታው የወንዙ ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ባርበስ ነው። ሁለቱም አፋቸው ጥግ ላይ አራት ጢም አላቸው። ስለዚህ ጢሙን ትታችሁ ጀርባውን እዩ። የዱባ የጀርባ ክንፍ ከመሀል ጀርባ ተነስቶ ወደ ጭራው ድረስ ይረዝማል፣ የባርበስ ግን አጭር ነው። በጣታችሁ የክንፉን የፊተኛ እሾህ ከኋላ በኩል ዳብሱት፤ የዱባው እንደ ማጭድ ጥርስ ይቧጥጣል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ቆሮሶ ጢም የለውም፤ እነሱ አያሳስቱም። ያልለያችሁትን ወዲያው መልሱት። (ቆሮሶም ቢሆን ለሐይቅ መጤ ነው፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባ። ዛሬ የአጥማጁ እንጀራ ስለሆነ ማንም መጤ አይለውም፤ እኔም እዚህ አልነካካውም።)

ከመሄዳችሁ በፊት የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ የት፣ መቼና በምን ማጥመድ እንደሚፈቀድ ጠይቁ። ዳር ላይ ሁኑ እንጂ ውኃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ የአካባቢያችን በሽታ ነው።

ማጥመጃ ምግቡ ላይ ጊዜ ብታጠፉ ይከፍላችኋል። ትል ብታደርጉ አምባዛውም ባርበሱም ይመጣል፤ የበቆሎ ንፍሮ ግን በተለይ ዱባን ይጠራል። በቆሎውን ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ፣ ጠዋት ቀቅሉት፤ ጥፍር ሲገባበት ግን ልጣጩ ሳይፈነዳ አውጡት። አንድ ሁለት እፍኝ አንድ ቦታ ላይ በትኑና ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም በሉ። አነስ ያለ ጠንካራ መንጠቆ ላይ አንዲት ፍሬ ሰክታችሁ፣ ዱባ ከታች ስለሚበላ ክሩን በክብደት ወለሉ ላይ አሳርፉ። ምግቡን ይስባል፣ ካልጣመው ይተፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንቅናቄ አትጎትቱ፤ ክሩ ተወጥሮ መሄድ ሲጀምር ነው።

የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን አቋራጭ የሚመስለው አይጠፋም። ብርብራ ዱባን ከባርበስ አይለይም፣ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይጨርሳል። በመርዝ ማጥመድ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዓዋጅ ቁጥር 315/1995ም ክልክል ነው።

የያዛችሁትን ዱባ እዚያው ራሱን በዱላ መትታችሁ ግደሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፤ ሕያው ዱባ ከዳሩ አይነሳ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ መረብ፣ ሁሉንም ደረቅ መሬት ላይ ደፍታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ እንቁላል ከእርጥብ ሣር ጋር ተጣብቆ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ መብላት ነው። «ዱባ እሾህ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ይላል» ብሎ ገዢው ስለሚሸሸው አጥማጁም አይፈልገው። ጭቃ ጭቃ የሚለው በብዛት ቆዳውና በጎኑ በኩል የሚሄደው ጠቆር ያለ ሥጋ ነው። ሁለቱንም ገፍፋችሁ ጣሉና የቀረውን በሎሚና በጨው ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ሥጋውን በጣም በተቀራረበ መስመር እስከ ታች ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ቆራርጣችሁ በጋለ ዘይት ጥበሱት፤ ደቃቅ እሾሁ ተቆራርጦ ስለሚንኮሻኮሽ አይሰማችሁም። ጾም ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ ለጎረቤት የምታቀምሱት ያኔ ነው። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ፤ ከተወደደ ደግሞ «እኛም ጋ እናርባው» የሚል ይነሳል። ስታቀምሱ ይህንንም አብራችሁ ንገሩ።

ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ይገባል። ከዚያ በታች የተያዘውን ማንኛውንም ዓሣ አትብሉ፤ ዱባ ከሆነ ገድላችሁ ቅበሩት።

ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ ልጁ ጀሪካኑን እንዳቀፈ «ታዲያ ምን ላድርጋቸው?» አለኝ። ቤታቸው ዘይትና ሎሚ እንዳለ ጠየቅኩት።