ሎሚና እሬት በአንድ በረንዳ፦ ሲታመሙ ምክንያቱን እንዴት እንለይ?

የኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ሎሚና እሬት ጎን ለጎን አሉ። ሎሚው በተቆረጠ ጀሪካን፣ እሬቱ በዱቄት ወተት ጣሳ ነው የተተከለው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም በአንድ ጆግ፣ በአንድ ቀን አጠጣቸው ነበር። ሁለቱም ታመሙብኝ። ስለዚህ ማንኛውንም ምልክት ስታዩ ወደ ውሃው ከመሄዳችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ግማሹ መልስ እዚያ ነው።

የእሬቱ ቅጠል ሲለሰልስና ሲሳሳ

ስትነኩት ይሟሽሻል፣ ሥሩ አካባቢ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ውሃ በዝቶበታል። እሬት ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል። የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚከፍተውም ቀን ሳይሆን ሌሊት ስለሆነ የሚያባክነው ውሃ በጣም ትንሽ ነው።

ነቅላችሁ አፈሩን አራግፉት። የጠቆረውን ሥር በንጹህ ቢላ ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን አስቀምጡት፤ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ ግማሹ ሻካራ አሸዋ በሆነ አፈር ትከሉት፣ ለአንድ ሳምንት ያህልም ውሃ አታሳዩት። ጣሳው ከሥር ካልተበሳ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ግንዱ ጭምር ከበሰበሰ አጠገቡ የበቀሉትን ልጆች አትርፉ። ቅጠሉን ቆርጦ መትከል ለእሬት እምብዛም አይሠራም።

እሬቱ ሲሸበሸብ

አፈሩ እስከ ታች ከደረቀ ጠምቶታል፤ በደንብ አጠጡት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከተሸበሸበ ግን ውሃ የሚስብ ሥር አልቀረለትም ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አዝኖለት ይጨምርለታል፣ ያኔ ያልቅለታል። ሎሚም እንዲሁ ነው። አፈሩ ረጥቦ ቅጠሉ ከጠወለገ ሥሩ አየር አጥቷል።

የሎሚው ቅጠል ቢጫ ሲሆን

የትኛው ቅጠል? ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ከሆኑ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ሎሚ በላተኛ ነው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከላይ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አታስነኩት። እሬቱ ይህን ሁሉ ምግብ አይፈልግም።

ጫፍ ላይ ያሉት አዲሶቹ ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ብረት አንሶታል። ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው ያልቻለበት ጊዜም ብዙ ነው። እኛ ቤት አንዱ ምክንያት የከሰል አመድ ነበር። «ለተክል ጥሩ ነው» ተብሎ ይደፋበት ነበር። አመድ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል፤ ሎሚ ደግሞ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ይወዳል። አመዱን አቁሙ፣ የላይኛውን አፈር ቀይሩ፣ ብረት ያለበት ማዳበሪያ ካገኛችሁ ቅጠሉ ላይ ርጩ። ቢጫ የሆኑት ቅጠሎች ላይመለሱ ይችላሉ፤ የምታዩት ቀጥሎ የሚወጣውን ነው።

የውሃው ልክም ከእሬት ይለያል። የአፈሩ የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርቅ ከሥር እስኪፈስ አጠጡ። አንዴ አድርቆ አንዴ ማጥለቅለቅ አበባውንና እንቡጡን ያረግፈዋል።

ጉንዳን ሲመላለስና የሎሚው ቅጠል ጥላሸት ሲለብስ

ቅጠሉን ገልብጡት። ጅማቱን ተከትለው የተለጠፉ ቡናማ ቅርፊቶች ታያላችሁ። ቅርፊት ቢመስሉም ተባይ ናቸው። የቅጠሉን ፈሳሽ መጥጠው የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ያወጣሉ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ለእሱ ነው፣ ጥላሸት የሚመስለው ሻጋታም የሚያድገው እሱው ላይ ነው። በለዘብተኛ የሳሙና ውሃና በጨርቅ አንድ በአንድ ጥረጉ፣ በየሳምንቱ ድገሙት። ጉንዳኑ ከተባዮቹ ጠላቶች ስለሚከላከልላቸው መንገዱን ዝጉበት።

እሬቱ ቀጥኖ ሲጋደም

ብርሃን አንሶታል። ወደ ፀሐይ አውጡት፣ ግን ቀስ በቀስ። በአንዴ ከወጣ ይቃጠላል። ትንሽ ቢቀላ ግን አትደንግጡ፤ ፀሐይ ሲበዛበት እንዲህ ያደርገዋል። ሎሚው ግን በየቀኑ ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ፍሬ አትጠብቁ።

ሰኔ ሲገባ እሬቱን ከጣሪያ ሥር አስገቡት። ሎሚው ደጅ ይቆይ፤ የጀሪካኑ ቀዳዳዎች በጭቃ እንዳይደፈኑ ግን አልፎ አልፎ ከሥር በስንጥር ነካ ነካ አድርጓቸው።