የዩኒቨርሲቲ ግቢን ዋይፋይ እንዴት ማቀድ ይቻላል፦ ከዶርም እስከ ሌክቸር አዳራሽ

ማታ 2 ሰዓት ላይ ዶርም ውስጥ ስልክ ሲከፈት የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያመጣው የሲግናል ማነስ ሳይሆን የተጠቃሚ መብዛት ነው፦ ዕቅዱ ሲወጣ ግቢው ተለካ እንጂ ሰው አልተቆጠረም። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት ቁጠሩ።

1. ሰውና መሣሪያ መቁጠር

አራት ፎቅ ያለው፣ በየፎቁ 24 ክፍል፣ በየክፍሉ 6 ተማሪ የሚያድርበት ብሎክ እንውሰድ። በአንድ ፎቅ 144 ተማሪ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ስልክ፣ ለሁለት ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ከያዝን 216 መሣሪያ ይሆናል። ምሽት ላይ ግማሹ በአንዴ ቢጠቀም 108 ነው። ለአንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን ለሚያሰራጨው ዕቃ) ከ30 እስከ 40 በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ ስጡት፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር መገናኘት የሚችሉትን እንጂ በደንብ የሚስተናገዱትን አይናገርም። በዚህ ስሌት ለአንድ ፎቅ 3 ወይም 4 ይበቃል፤ ግድግዳው ግን ወደ 5 ያደርሰዋል።

200 ወንበር ያለው ሌክቸር አዳራሽ በተመሳሳይ ስሌት 300 መሣሪያ ይይዛል። 60 በመቶው ቢሠራ 180 ነው፤ 5 አክሰስ ፖይንት ያስፈልጋል።

2. ቦታ መምረጥ

ኮሪደር ላይ መስቀል ለሠራተኛው ይቀላል። ነገር ግን ኮሪደር እንደ ቧንቧ ነው፦ አክሰስ ፖይንቶቹ ከጫፍ ጫፍ አንዱ የሌላውን ሲግናል ይሰማል፤ በአንድ ቻናል (የሬድዮ መስመር) ላይ ያሉት ተራ ሲጠባበቁ ይውላሉ። ተማሪው ደግሞ በግድግዳ፣ በብረት ቁም ሳጥንና በተደራራቢ አልጋ ተከልሎ ይቀራል። የብሎኬት ግድግዳ ሲግናሉን ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል (የሲግናል ልዩነት መለኪያ)፣ ኮንክሪትና ሶሌታ ከ12 በላይ ሊቀንሱት ይችላሉ።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስቀሉ፤ አንዱን በኮሪደሩ ግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያፈራረቃችሁ፣ አንድ ለ4 ወይም ለ5 ክፍል። የላይኛውን ፎቅ አክሰስ ፖይንት ከታችኛው ትይዩ አታድርጉት። ኮርኒስ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር መደበቅም ክልክል ነው፤ ብረቱ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ሙቀቱም መሣሪያውን ይገድለዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ አክሰስ ፖይንት ዘንግ ላይ አስራችሁ በባትሪ አስነሱና ተማሪዎች ባሉበት ሰዓት ለኩ። የሰው ገላም ሲግናል ይውጣል፤ በዕረፍት ወቅት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተገኘ ቁጥር ያታልላል።

3. ቻናልና ኃይል

በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ቻናል 1፣ 6 እና 11ን ብቻ ተጠቀሙ። የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ስለሆኑ አክሰስ ፖይንት በተቀራረበበት ቦታ ከሁለቱ በአንዱ ላይ 2.4ን ዝጉት። በ5 ጊጋኸርዝ የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ይሁን፤ 80 ላይ ማድረግ ለአንድ ቤት ፍጥነት ይሰጣል፣ ለዶርም ግን ቻናል ይጨርሳል።

ኃይሉን እስከ መጨረሻ አትክፈቱ። ስልኩ የአክሰስ ፖይንቱን ድምፅ ይሰማል፤ የስልኩ ደካማ ድምፅ ግን ተመልሶ አይደርስም። በ5 ጊጋኸርዝ ከ14 እስከ 17 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ)፣ በ2.4 ደግሞ 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ መጀመር ጥሩ ነው። የዋይፋይ ስሞችን ከሦስት አታብዙ፤ እያንዳንዱ ስም ራሱን በሚያውጅ ሲግናል አየሩን ይሞላል።

4. ኬብል፣ ስዊችና መብራት

ካት 6 (የመዳብ ኔትወርክ) ኬብል ከስዊቹ (ኬብሎቹ ከሚገናኙበት ሳጥን) እስከ አክሰስ ፖይንቱ 100 ሜትር እንዳያልፍ። ከሕንፃ ሕንፃ ግን የመዳብ ኬብል በጭራሽ አትዘርጉ፤ በክረምት አንድ መብረቅ በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ፖርቶች ያቃጥላል። ሲንግል ሞድ ፋይበር (በብርሃን የሚሠራ የመስታወት ኬብል) ቅበሩ፤ ቁፋሮው ከፋይበሩ ስለሚወደድ ትርፍ ኮር (ክር) ይኑረው።

በየፎቁ 5 ሲሆን ብሎኩ 20 አክሰስ ፖይንት አለው። ለእያንዳንዱ ቢበዛ 15 ዋት ከያዝን 300 ዋት ነው። 24 ፖርት ያለው ስዊች ጠቅላላ የፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የመስጠት) አቅሙ 190 ዋት ከሆነ ፖርቱ እያለ ኃይሉ ያልቃል፤ የመጨረሻዎቹ አክሰስ ፖይንቶች ይጠፋሉ ወይም ይበራሉ ይጠፋሉ። 370 ዋት አካባቢ ያለውን ምረጡ።

መብራት ሲጠፋ ስዊቹን ጨምሮ በተግባር የሚወሰደው ኃይል 250 ዋት ቢሆን፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ ወደ ሁለት ሰዓት ያቆያል።

5. አይፒ አድራሻ

ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። በአራቱ ፎቅ ብሎኩ 864 መሣሪያ አለው፤ የተመደበለት የአድራሻ ክልል /24 ከሆነ ግን አድራሻው 254 ብቻ ነው። ዘግይቶ የመጣው ተማሪ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» የሚለውን ሲያይ ያመሻል። /22 ስጡት፤ 1022 አድራሻ ያገኛል። ላይብረሪና ካፌ ውስጥ ሰው ስለሚመላለስ የተሰጠው አድራሻ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሌላ እንዲሰጥ ይመለስ።

6. መረከቢያ ልኬት

ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ በተራ ስልክ ለኩ። በየክፍሉ -67 ዲቢኤም ወይም የተሻለ (ወደ ዜሮ የቀረበ)፣ ከሁለተኛው አክሰስ ፖይንት ደግሞ -75 አካባቢ መገኘት አለበት። ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ከቀዘቀዘ የቻናሉን መጨናነቅ እዩ፤ ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ ኃይሉን ቀንሱ ወይም ቻናል ቀይሩ። በር ተከፍቶ የተለካ ቁጥር የብረት በር ተዘግቶ አይገኝም፤ በሩን ዝጉና ታችኛው አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ ለኩ።