ጥቃት የደረሰባትን ሴት ለባሰ አደጋ የሚያጋልጡ የመንግሥት ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው» ብሎ መመለስ ነው። ድብደባ የቤት ገመና አይደለም፤ ወንጀል ነው። መንግሥትም «እኔ አልመታኋት» ብሎ አያመልጥም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው መግለጫ፣ አጥቂው ባለሥልጣንም ይሁን ተራ ግለሰብ፣ መንግሥታት ጥቃቱን እንዲከላከሉ፣ እንዲመረምሩና እንዲቀጡ ይጠይቃል።

ክሷን አነሳች ተብሎ መዝገብ ሲዘጋስ? ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ይመስለኛል። ለምን አነሳችው? ማን አስፈራራት? ብሎ የሚጠይቅ ይጠፋል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የወሰነውን የኦፑዝ ጉዳይ እንይ። ቱርክ ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱንና እናቷን ለዓመታት አሰቃየ። ሴቶቹ ይከሳሉ፤ ይዝትባቸዋል፤ ክሱን ያነሳሉ፤ ጉዳዩም በተደጋጋሚ ይቋረጣል። ሚስቱን ሰባት ጊዜ በቢላ ወግቷት እንኳ የተፈረደበት በስምንት ጊዜ ከፍሎ የሚጨርሰው የገንዘብ ቅጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 እናትየውን ተኩሶ ገደላት። ፍርድ ቤቱ ቱርክን ተጠያቂ አደረገ። ጥቃቱ በከበደና የመደገሙ ስጋት በጨመረ ቁጥር፣ ተጠቂዋ ብትተወውም ክሱ ሊቀጥል ይገባል አለ። ዛቻው ሳይቆም ክስ ከተነሳ፣ ፖሊስ ይበልጥ መንቃት ነው ያለበት።

ሌላው፣ ሁልጊዜ እሷን ከቤት ማስወጣት ነው። መጠለያ የግድ ያስፈልጋል፤ የስንቶችን ሕይወት አትርፏል። ግን ልጆቿን ይዛ፣ ሥራዋን ትታ የምትሰደደው እሷ ለምን ትሆናለች? የኦስትሪያ ሕግ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፖሊስ አጥቂውን ወዲያው ከቤት እንዲያስወጣ ይፈቅዳል፤ ቤቱ የራሱ ቢሆንም።

ሕክምናን በፖሊስ ወረቀት ማሰርም ሌላ ጥፋት ነው። የተደፈረች ሴት ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

አስገድዶ ማስታረቅም አለ። እየፈራች የምትለው «እሺ» ፈቃድ አይባልም። ለፊርማ እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው የኢስታንቡል ስምምነት፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው የአውሮፓ ምክር ቤት ውል፣ አስገዳጅ ሽምግልናን ያጸደቁት አገሮች እንዲከለክሉ ያዛል።

በመጨረሻም የጥበቃ ትእዛዝ ሰጥቶ መርሳት። «አይቅረባት» የሚለው ትእዛዝ የሚሠራው ሲጥሰው የሚታሰር ከሆነ ብቻ ነው። ከእስር ሲወጣም ቀድማ ማወቅ አለባት። በር ሲንኳኳ መስማት የለባትም፤ አስቀድሞ ደውሎ የሚነግራት የተመደበ ሰው ይኑር።